ጋሽ ሞላ የጨመሩት ስንዝር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። በቀደም ተማሪዎች እየፈተንኩ ሳለ ድንገት ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። የአንዳቸውን መልስ አይቼ የሳቅኩ መስሏቸው ክፍሉ በሙሉ ወረቀቱን በክንዱ ሸፈነ።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ስሜ ሰናይት ይባላል። የማስተምረው ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ነው። ያደግኩት ደብረ ታቦር ስለሆነ እዚህ ስመደብ ጥቂት አገልግዬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ሻንጣዬን እንኳ ሙሉ በሙሉ ሳላራግፍ ነው የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት። እዚህ ያቆየኝ ማንም የማይጠረጥረው ነገር ነው። ሳተላይት አዳምጣለሁ።

ለማያውቀው ልንገር። አማተር ሬዲዮ የሚባል ነገር አለ። ሰዎች ለሥራ ወይም ለትርፍ ሳይሆን እንዲሁ ስለሚወዱት ብቻ በሬዲዮ ይገናኛሉ። የራሳቸው ትንንሽ ሳተላይቶችም አሏቸው። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ጣቢያ ደግሞ አልፎ አልፎ ለእነዚህ ሰዎች ሥዕል ይልካል። ሥዕሉ የሚመጣው በድምፅ ነው። ሲሰሙት የሚያፏጭ ሰው ትንፋሽ አጥሮት እየደጋገመ የሚያፏጭ ይመስላል። ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም አለ፤ ያንን ፉጨት እየሰማ ሥዕሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ያወጣዋል። እኔ የማደርገው መስማት ብቻ ነው። መናገሪያ መሣሪያ የለኝም፤ ይህንንም ለሚመለከተው ሁሉ አስረድቼ፣ አሳይቼና አስፈቅጄ ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት አንቴና ከመጋረጃ ዘንግና ከአልሙኒየም ሽቦ የተበጀ ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቀን ያለቀስኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ሥዕሉ ግን ሙሉ ሆኖ መጥቶልኝ አያውቅም። ጣቢያው በሰማይ ላይ ሲሄድ የሚልከው ሞገድ ለእኛ አንዴ ተጋድሞ አንዴ ቆሞ ይደርሳል። የእኔ አንቴና የተጋደመውን እንጂ የቆመውን አይሰማም። ስለዚህ ግማሽ ግንባር፣ ሩብ መስኮት፣ የአንድ ሰው ጫማ ብቻ እያመጣ ይሰጠኝ ነበር። ተማሪዎቼ «የቲቸር ቁራጭ ፎቶ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

መድኃኒቱ ሁለት አንቴና በመስቀል ቅርጽ አንድ ዘንግ ላይ ማሰር ነው፤ አንዱ ተጋድሞ፣ አንዱ ቆሞ። ሁለቱ በሁለት ኬብል ይገናኛሉ። አንደኛው ኬብል ከሌላኛው ከአንድ ክንድ ትንሽ ባነሰ ርዝመት መብለጥ አለበት። በረጅሙ የሚመጣው ምልክት ከአጭሩ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ በዚያች መዘግየት ሲገጣጠሙ ሞገዱ ቢጋደምም ቢቆምም ቢሽከረከርም አያመልጥም። ያ የርዝመት ልዩነት ከተበላሸ ግን ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ሁለት አንቴና ተሸክሞ የአንዱን ያህል መስማት ይሆናል።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

አንቴናዬን የሰቀልኩት የመረብ ኳስ ምሰሶ ላይ ነበር። መሣሪያዎቼን የማስቀምጠውም ከሜዳው ዳር ካለች፣ ቀድሞ የኳስ ዕቃ ይቀመጥባት ከነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ጌታነህ ይባላል። ቁመቱ የትኛውም በር ሳያጎነብስ አያሳልፈውም። የሴት ተማሪዎቹን የመረብ ኳስ ቡድን ከንፋስ መውጫ ከተማ ቡድን ጋር ሊያጋጥም እያሠለጠነ ስለነበር ምሰሶውንም ክፍሉንም መልሱልኝ አለ። እኔ ደግሞ ሳተላይት ከኳስ ይበልጣል አልኩ። እሱ የእኔን አንቴና «የልብስ ማስጫ» ብሎ ሲጠራው፣ እኔ የእሱን መረብ «የዶሮ አጥር» አልኩት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ሰው በመካከላችን ወንበር ይዞ መቀመጥ ጀመረ።

ርዕሰ መምህሩ ሲሰለቸው ጉዳዩን ለወላጆችና መምህራን ኅብረት መራው። የኅብረቱ ሰብሳቢ እትዬ የሻረግ ናቸው። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ አርብ አርብ ገበያው መሐል ቁጭ ብለው ገብስና ባቄላ ይሸጣሉ። ቃላቸው አንድ ነው። እኔንና ጌታነህን ጎን ለጎን አቁመው ሁለታችንንም ሰሙና እንዲህ አሉ።

«ቅዳሜ መጥቸ በዓይኔ አያለሁ። ከሰማይ የሚወርድ ሥዕል ካለ ይውረድና እንየው። ከሌለ ምሰሶውም ክፍሉም ለኳሱ ይመለስ። ከዚህ ወዲያ በዚህ ነገር አትጣሉ።»

ጌታነህ ፈገግ አለ።  ሙሉ ሥዕል እኔ ራሴ እንኳ አይቼ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ጣቢያው ሥዕል እንደሚልክ ይታወቅ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በእኛ ሰማይ ላይ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እንደገና መቼ እንደሚልክ ግን የሚያውቅ የለም። ያቺ ክፍል ከሄደች ከተማሪዎቼ ጋር ያቋቋምኩት የሬዲዮ ክበብም መፍረሱ ነው። እኔም ተከራይቼ ወደምኖርባት ቤት ተመልሼ፣ ሻንጣዬን እያየሁ ዝውውር መጠበቄ ነው። ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ምግብ አልበላልሽ ብሎኝ ነበር የሰነበትኩት።

አዲሱን የመስቀል አንቴናም ኬብሎቹንም ራሴ ሠራሁ። የተጠቀምኩት ተራውን የዲሽ ኬብል ነው። ምልክት በኬብል ውስጥ ሲያልፍ በአየር ላይ ከሚሄደው ይዘገያል፤ ስለዚህ የተሰላው ርዝመት በዚያው ልክ ማጠር አለበት። ስሌቱን እኔ ሠራሁ፤ ተማሪዎቼም ሠሩ፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ አገኘን። ሁለቱን ኬብል አጭርና ረጅም አድርጌ በመቀስ ስቆርጥ እጄ የልብስ ሰፊ እጅ እስኪመስለኝ ተጠነቀቅኩ።

የቀረው ጫፎቹን ልጦ ማያያዣ መበየድ ነው። ትምህርት ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ መበየጃም የለኝ። ስለዚህ ጋሽ ሞላ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሽ ሞላ የከተማችን የዲሽ ሠራተኛ ናቸው። እዚህ ጣሪያ ላይ የሚታየውን ዲሽ ሁሉ ማለት ይቻላል ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ሶላር ስላለው መብራት ጠፋ አልጠፋ አይቆሙም። አንቴናውንም ኬብሎቹንም ሰጠኋቸውና «ጋሽ ሞላ፣ እነዚህን ብቻ ይበይዱልኝና ዘንጉ ላይ ይሰሩልኝ» አልኳቸው።

አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ። በእኛ ገበያ ለክቶ መስጠት ብቻውን መሸጥ አይባልም። እትዬ የሻረግ ገብሱን በጣሳ ሞልተው ከሰፈሩ በኋላ አንድ እፍኝ ካልመረቁ ገዢው ከረጢቱን ከፍቶ እንደቆመ ነው። ጨርቅ የሚሸጠውም፣ ገመድ የሚሸጠውም እንደዚያው ነው። በዚህ ነገር ደግሞ ከጋሽ ሞላ የሚብስ የለም። ከእሳቸው ሱቅ የተለካ ነገር ገዝቶ የተለካውን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እኔ የወሰድኩላቸው የተቆረጠ ኬብል ነው፤ የምገዛው ነገር የለም። ምራቂ እዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ በምን ልጠርጥር?

አርብ የገበያ ቀን ስለሆነ እሳቸው ሥራ በዝቶባቸው፣ እኔም ክፍል ስገባ ስወጣ ሳንገናኝ ቀረን። «አልቋል፤ ነገ ራሴ ይዠው እመጣለሁ» ብለው መልእክት ላኩብኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ ምሰሶው አንቴና መስቀያ መሆኑ ቀርቷል። ጌታነህ የእኔን አሮጌ አንቴና አውርዶ፣ በንጽሕና ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ መረቡን ወጥሮበታል።

«ውሳኔው እኮ ገና ነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ። ቀድሜ ልዘጋጅ ብየ ነው» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ጨዋነት ብቻ ነው የሚታየው።

«እና አንቴናውን ምን ላይ ላድርገው?»

«ስንት ደቂቃ ነው የሚቆይ?»

«አሥር አይሞላም።»

«እኔ እይዝልሻለሁ። አይሰማም አላልሁም፤ ከመጣ በእጄ ይምጣ።»

የተናገረው ለቀልድ ነው። ሳፍር ከፊት ሆኖ ሊያየኝ እንደፈለገ ገብቶኛል። ግን ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ዴስክ ከክፍሉ አውጥቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ ፍላሽ የምታህለውን መቀበያ ሰካሁ፤ ስልኬን ከድምፅ ማውጫው አጠገብ አጋደምኩት።

ጋሽ ሞላ መጡ። አንቴናውን በሁለት እጃቸው ታቅፈውታል። ሥራቸው ያምራል። ኬብሎቹን አጣጥፈው ዘንጉ ላይ አስተኝተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር ፕላስተር እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለዋቸዋል። ውኃ አይገባ፣ ነፋስ አይነካ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ልጨርስ ስል እንዲህ አሉኝ።

«ያመጣሽው ኬብል ጫፉ ሲላጥ እያጠረ አስቸገረኝ። አጥሮ ሳየው ደግሞ አሳዘነኝ። ከራሴ ጥቅልል አዲስ ቆረጥሁና ስንዝር ጨመርሁልሽ። የኔ ስጦታ ነው።»

ክው አልኩ።

ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ አጭሩን ኬብል ነው። አጥሮ ሲያዩት አዝነው አስረዘሙት ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ማለት ነው። ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ በአንድ የደግ ሰው ስንዝር ተበላ። ላቤ ግንባሬ ላይ ችፍ አለ። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት የግቢው በር ተከፈተና እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኅብረቱ አባላት ጋር ገቡ። ስልኬን አየሁ። ጣቢያው ከአድማስ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ያን ሁሉ ፕላስተር ለመፍታት ግማሽ ቀን አይበቃም።

ጋሽ ሞላ ፊቴን አይተው «ምነው፣ አነሰ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አላነሰም» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው?

እንግዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። የመረብ ኳስ ተጫዋቾቹም፣ የክበቤ ተማሪዎችም ከበቡን። ቆሜ ስለ ጠፈር ጣቢያው ማስረዳት ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቀቅኩ። ስልኩ የሚሰማው እንደኛው በጆሮው ስለሆነ፣ ሥዕሉ መውረድ ከጀመረ ማንም እንዳይናገር፣ እንዳይስል፣ እንዳይስቅ። ማንኛውም ድምፅ ሥዕሉን ያበላሸዋል። እትዬ የሻረግ «እሽ፣ ዝም እንላለን» አሉ፤ ሰው ዝም እንዲል የሚያዙት እሳቸው እንጂ እሳቸውን የሚያዝ ሰው የለመዱ አልመሰለኝም።

ጌታነህ አንቴናውን ከራሱ በላይ አነሳ። «ወዴት?» አለ።

«ወደ ጉና።»

ወደ ጉና ተራራ አዞረው። ላፕቶፑ ሽሽሽ አለ። ዝም ብሎ ሽሽሽ። እትዬ የሻረግ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው «መጣ የምትለው ይኸን ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ዓይኔ እያየ መዋረዴ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ።

ከሽሽታው ውስጥ ብቅ አለ፤ እየጠራ፣ እየደመቀ። የስልኬ ሰሌዳ ላይ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወጣች። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ሁሉም ወደ ስልኩ አዘነበለ። አንድ ሥዕል ወርዶ እስኪያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ያን ያህል ረጅም ሁለት ደቂቃ በሕይወቴ አላየሁም። የዚያን ያህል ሕዝብ እንዲያ ዝም ሲልም አይቼ አላውቅም። በቅዳሴ እንኳ የሚያስል ሰው አይጠፋም።

መስኮት የሚመስል ነገር ወጣ። ከመስኮቱ በታች ደግሞ ጥቁር፣ ጫፉ የተበታተነ ነገር መውረድ ጀመረ። ልክ በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ የታሰረች አህያ ጮኸች። ያውም አንዴ አይደለም፤ እስክትጠግብ። በሥዕሉ ላይ የተዝረከረከ ግራጫ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋደመ። አህያዋ ስትጨርስ ሥዕሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ተጫዋቾቹ ሳቃቸውን ለመያዝ እርስ በርሳቸው ትከሻ ላይ ተደፉ።

የእኔ ዓይን ግን ጌታነህ ላይ ነበር። እጁ እየዛለ ነው። አንቴናውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ ሲያዛውር በሩብ ዙር ጠመዘዘው። ተጋድሞ የነበረው ቆመ፤ ቆሞ የነበረው ተጋደመ። በድሮው አንቴናዬ ይህ ቢሆን ድምፁ በዚያች ሰከንድ ነበር የሚጠፋው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፉጨቱ አልጠፋም። አልቀነሰም። ጌታነህ እንደገና ጠመዘዘው፤ ደንታ የለውም፤ ድምፁም ደንታ የለውም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኬብሉ ሠርቷል። እንዴት እንደሠራ አላውቅም፤ መሥራት አልነበረበትም፤ ግን ሠርቷል። መጮኽ አማረኝ፤ እንዳልጮኽ ስልኩ ይሰማል። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ዘለልኩ። ደግሜ ዘለልኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብና በኅብረቱ ፊት አንዲት የፊዚክስ መምህርት ድምፅ ሳታሰማ እንደ እንቁራሪት ትነጥራለች። የክበቤ ተማሪዎች ሲያዩኝ እነሱም አፋቸውን አፍነው መዝለል ጀመሩ። ጋሽ ሞላ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ደስታ መሆኑ ስለገባቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ያውለበልባሉ።

የተበታተነው ጥቁር ነገር ፀጉር ሆነ። ከፀጉሩ በታች ግንባር፣ ዓይን፣ ሳቅ ያለበት አፍ ወጣ። አንዲት ሴት ጠፈርተኛ ናት። እዚያ ላይ ክብደት ስለሌለ ፀጉሯ ወደ ላይም ወደ ጎንም ቆሟል። እትዬ የሻረግ ስልኩን ቁልቁል ሲያዩ ቆይተው አልቻሉም።

«ውይ፣ ይችን ልጅ የሚያበጥርላት ሰው የለም ወዲያ?»

ይህ ንግግራቸው እነሆ በጠፈርተኛዋ አገጭ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሕግ የሚባል ነገር ፈረሰ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሥዕሉ ግን አልቆ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሙሉ።

ሁለተኛው ሥዕል ጀመረ። ጣቢያው በአናታችን አልፎ በምሥራቅ ወደ በሽሎ ወንዝ በኩል ማዘቅዘቅ ይዟል። እኔ ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ «በሽሎ! በሽሎ!» ብቻ እላለሁ። ጌታነህ አሁን ቀልዱን ትቶታል። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ፣ አንድ ሥዕል አላስመልጥም ብሎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደ ይዞራል። ከኋላው ምን እንዳለ ረስቶታል። ከኋላው ያለው ራሱ የወጠረው መረብ ነው።

አንቴናው ተሰካበት። ጌታነህ ሊያላቅቀው ሲዞር አንድ ክንዱ ገባ፤ ክንዱን ሊያወጣ ሲል ራሱ ገባ። ኬብሉ ተነቅሎ ላፕቶፑ ጭጭ አለ። ጌታነህ ግን መረብ ውስጥ ሆኖም አንቴናውን ወደ በሽሎ እንደደገነ ነው። «አሁንስ ይሰማል?» ብሎ ጮኸ።

ሜዳው በሳቅ አለቀ።  እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ተጫዋቾቹ አሠልጣኛቸውን ከመረብ ለማውጣት ሄደው ሦስቱ አብረውት ተጠላለፉ።

ሰው ሲረጋጋ እትዬ የሻረግ ተነሡ። ሥዕሉን እንደገና አምጪው አሉኝና ከዳር እስከ ዳር አዩት። አህያዋን አሳየኋቸው፤ የራሳቸውንም ነጠብጣብ አሳየኋቸው። ነጠብጣባቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይኸ የኔ ነው?» አሉ፤ የተደሰቱ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አኮስተረው ፍርዱን ተናገሩ።

«ከሰማይ ይወርዳል ተብሎ ነበር፣ ወርዷል። ክፍሉ የሰናይት ነው። ምሰሶው ግን የኳሱ ነው፣ ይቀመጥ። አንቴናውን ጌታነህ ይያዝላት። ከሱ የተሻለ ምሰሶ ይኸ ትምህርት ቤት የለውም።»

ጌታነህ ከጆሮው ላይ የመረብ ክር እያወጣ «እሽ እትዬ» አለ። 

እኔን ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር። ሰው ሲበተን ጋሽ ሞላን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

«ጋሽ ሞላ፣ ያችን ስንዝር የጨመሩት ለየትኛው ኬብል ነው?»

ጥፋት ያገኘሁባቸው መስሏቸው ደነገጡ። «ለሁለቱም ነዋ» አሉ። «ያንችን ኬብል ካዲሱ ጎን እያስተኛሁ፣ በልኩ ላይ በዚችው ስንዝር አንዳንድ ጨመርሁ።» መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

ለሁለቱም! በአንድ እጅ፣ እኩል! ሁለቱም በእኩል ሲረዝሙ ልዩነታቸው አይነካም። ረጅሙ አሁንም አጭሩን የሚበልጠው እኔ ባሰላሁት ልክ ነው። እኔ ያን ሁሉ ላብ ያፈሰስኩት በከንቱ ነው። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ለአንዱ ብቻ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ እንደማይመጣ፣ ክፍሉም እንደሚሄድ፣ እኔም ምናልባት ከዚህ አገር እንደምሄድ ነገርኳቸው።

ጋሽ ሞላ ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። ሥዕሉም፣ ሞገዱም፣ ጠፈርተኛዋም ያን ያህል አልገረማቸውም። የገረማቸው ሌላ ነው።

«ለአንዱ ጨምሬ አንዱን ብነፍግማ፣» አሉኝ፣ «ምን ብየ እተኛለሁ?»

እያየኋቸው ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ውስጥ ደግሞ ዕንባ መጣ። እሳቸው ለኬብል ነው ያዘኑት። ሁለት የዲሽ ኬብል እንዳይቀያየም ነው የተጨነቁት። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተይ አንች ልጅ» ብለው ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

ከዚያ ወዲህ ዝውውር አልጠየቅኩም። ሻንጣዬን አራግፌ ክፍሏ ውስጥ የመሣሪያ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። የመረብ ኳስ ቡድኑ ንፋስ መውጫ ሄዶ ተሸነፈ፤ ጌታነህ ግን ያን ያህል አልከፋውም፤ ሳተላይት የሚያልፍበትን ሰዓት ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ሻይ ስንጠጣ በመካከላችን ወንበር የሚያስገባ የለም። ጠፈርተኛዋን ደብረ ታቦር ወስጄ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። እንግዳ ሲመጣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት ግን እሷን ሳይሆን የአህያዋን ጩኸት ነው።

ኬብሎቹን አልቀየርኳቸውም። እኔ በስሌት የቆረጥኳቸው ጋሽ ሞላ ሱቅ ውስጥ የሆነ ቦታ ወድቀው ይሆናል፤ ጠይቄያቸውም አላውቅ። አንዳንድ ቀን ሥዕል ሲወርድ እያየሁ ያችን ስንዝር አስባትና ያለ ምክንያት ደስ ይለኛል። ሁለት የሽቦ ቁራጭ እንኳ እንዳይበላለጥ የሚጨነቅ ሰው ያለበት ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው፤ እኔ ደግሞ ለቅቄው ልሄድ ነበር።